የኤንፒ ተማሪዎች ኢቢፒን በርቀት እንዴት ይማሩ? (ለምታስተምሩም ለምትማሩም)

አስተማሪዋ ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ካለነው የሐበሻ ነርሶች ብዙዎቻችን ነርስ ፕራክቲሽነርነትን (ኤንፒ፣ ማለትም ታካሚ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ መሆንን) የምንማረው በኦንላይን ነው። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለ። ግቢ እየተመላለሱ መማር ለብዙው ሰው አይሆንም። እኔ ፋሚሊ ኤንፒ ነኝ። ክሊኒክ እየሠራሁ በጎን በአንድ የኦንላይን ፕሮግራም ኢቢፒ፣ ማለትም በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር፣ አስተምራለሁ። ስለዚህ ኮርስ ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው።

ተማሪዎች ኮርሱን አይወዱትም። "የወረቀት ኮርስ" ይሉታል። ፋርማኮሎጂ ለታካሚ ነው፣ ኢቢፒ ግን ለኤፒኤ፣ ለሪፈረንስ አጻጻፍ ደንቡ፣ ነው የሚል ስሜት አለ። አልፈርድባቸውም፤ ብዙ ቦታ የሚሰጠው እንደዚያ ነውና። ዲስከሽን ቦርድ በሚባለው የኮርሱ መወያያ ገጽ ላይ በሳምንቱ አጋማሽ አንድ ፖስት፣ እሁድ ማታ ለሁለት ክላስሜት መልስ፣ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሪፈረንስ፣ ሪፈረንሱ ደግሞ ከአምስት ዓመት ያልበለጠ። ታዲያ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ያመነበትን ይጽፋል፣ ከዚያ እሱን የሚደግፍ አብስትራክት (የጥናት አጭር ማጠቃለያ) ፈልጎ ከሥሩ ይለጥፋል። ፍርዱ ቀድሞ ተሰጥቶ ማስረጃው ከኋላ ይጠራል ማለት ነው። ኢቢፒ የተፈጠረው ይህንኑ ለማስቀረት ነበር።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ተማሪው ጥያቄውን ከራሱ ሥራ ቦታ ያምጣ። ከዚያ አንድ ጥናት ወይም አንድ መመሪያ በዙም አብረን እንክፈት። አብስትራክቱን ዘለን ሠንጠረዡ ላይ እንቀመጥ። አንድ ሰዓት እንዲህ መሥራት የወር ሙሉ ፖስት ያስንቃል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዲት ተማሪዬ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። ያመጣችው ጥያቄ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ማታ ላይ ከወትሮው የባሰ ግራ ይጋባሉ። ትኩሳት የላቸውም፣ ሲሸኑ አያቃጥላቸውም። ይደወላል፣ ሽንት ይላካል፣ ባክቴሪያ ይገኛል፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ነገሩ ልማድ ስለሆነ ማንም ለምን አይልም።

ጥያቄውን በፒኮ አስቀመጥነው፦ ታካሚዋ ማን ናቸው፣ ምን እናድርግላቸው፣ ከምን ጋር እናወዳድረው፣ ምን ውጤት እንፈልጋለን። ተማሪዋ ውጤት በሚለው ቦታ "ባክቴሪያው መጥፋቱ" ብላ ጻፈች። እዚያ ላይ ብዙ ቆየን። ባክቴሪያው ቢጠፋ ለእኚህ እናት ምን ይፈይዳል? እሳቸውና ልጆቻቸው የሚፈልጉት ልባቸው እንዲመለስ፣ እንዳይወድቁ፣ ሆስፒታል እንዳይገቡ ነው። ውጤቱን ስንቀይር ፍለጋውም ሌላ ሆነ።

ያገኘችው የአሜሪካ የኢንፌክሽን በሽታዎች ማኅበር በ2019 ያወጣውን መመሪያ ነው። እንዲህ ያሉ አረጋውያን ግራ ሲጋቡ ሽንታቸው ላይ ባክቴሪያ ቢገኝም፣ ትኩሳት ወይም የሽንት ቧንቧ ምልክት እስከሌለ ድረስ፣ አንቲባዮቲክ ከመስጠት ይልቅ ሌላ ምክንያት ይፈለግ፣ በቅርብም ይታዩ ይላል። ምክሩ "ጠንካራ" የሚል ደረጃ አለው። ከጎኑ ግን የማስረጃው ጥራት "በጣም ዝቅተኛ" ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንዱ "ማስረጃው ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ምክሩ እንዴት ጠንካራ ሊሆን ቻለ?" ብሎ ጠየቀ።

ይህችን ጥያቄ ነው የምፈልገው! መድኃኒቱ እንደሚጠቅማቸው የሚያሳይ የሚታመን ነገር የለም። ጉዳቱ ግን ይታወቃል፦ ክሎስትሪዲዮይድስ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ የሚያመጣው ተቅማጥ፣ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ። ኮሚቴው ከማይታወቅ ጥቅም ይልቅ የታወቀውን ጉዳት ማስቀረትን አስበለጠ። "ጠንካራ" የሚለው ቃል የጥናት ብዛት ሳይሆን ሚዛን መሆኑን ተማሪዎቹ ያዩት እዚያ ነው። ሪፈረንስ ለጥፎ ማንም እዚህ አይደርስም።

እናንተስ? የምታስተምሩም የምትማሩም ተናገሩ።

---

ናይት ሺፍት፣ ቨርጂኒያ

ሲስተር፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ግን እኔ በዚህ አልስማማም። ኦንላይን የመረጥኩት እኮ በፈለግኩት ሰዓት እንድማር ነው። ከምሽቱ አንድ እስከ ጠዋት አንድ እሠራለሁ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ እተኛለሁ። "ማክሰኞ ምሽት ዙም ግቡ" የሚል ኮርስ ቢመጣ ወይ ሺፍት መለወጥ ወይ ኮርሱን መጣል ነው ያለኝ። ዲስከሽን ቦርዱን የምታጣጥሉት ሰዎች አብዛኞቻችሁ የቀን ሥራ ያላችሁ ይመስለኛል። ለእኔ ቢያንስ የእረፍት ሰዓቴ ላይ በስልኬ የምሠራው ነገር ነው።

---

አስተማሪዋ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ይህን የማይመልስ የኦንላይን ትምህርት የኦንላይን ትምህርት አይደለም። እኔ የማደርገው ይኸው፦ ክላሱን አራት አምስት እየሆኑ እንዲቧደኑ አደርጋለሁ፣ ሰዓቱን ራሳቸው ይመርጣሉ። የሌሊት ሠራተኞች ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመተኛታቸው በፊት የሚገናኙበት ቡድን አለኝ። ጭራሽ የማይመቸው ሰው ደግሞ ያንኑ ሠንጠረዥ ከፍቶ፣ ስክሪኑን እየቀዳ፣ በድምፁ ያስረዳኛል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚጨነቅ ተማሪ ሲናገር ሌላ ሰው ነው የሚሆነው! በጽሑፍ ዝቅ ያለ ውጤት የነበራቸው ልጆች ሠንጠረዥ ሲያስረዱ ብትሰሚያቸው ትገረሚያለሽ።

ርቀቱን በራሱ አልወቅስም። ኬንታኪ ያለው ፍሮንትየር የሚባለው የነርሲንግ ትምህርት ቤት ከ1989 ጀምሮ አዋላጅ ነርሶችን በሚኖሩበት መንደር እያሉ በርቀት ሲያስተምር ኖሯል፤ ያኔ ዙም የሚባል ነገር አልነበረም።

---

የባልቲሞሩ

ወንድማችሁም ያስተምራል። ከቁጥር የሚሸሽ ክላስ ሲገጥመኝ ስፕሪንትን ነው የማወጣው፣ 2015 ላይ የወጣውን የደም ግፊት ጥናት። 9,361 ሰው፣ ሁሉም ከ50 ዓመት ጀምሮ ያሉ። ግማሹ የላይኛው ግፊቱ ከ120 በታች እንዲወርድ፣ ግማሹ ከ140 በታች እንዲሆን ታከመ።

ተማሪው አብስትራክቱን አይቶ "አደጋውን 25 በመቶ ይቀንሳል" ብሎ ይጽፋል። እውነት ነው። ግን ሠንጠረዡን ክፈት እለዋለሁ። ጠበቅ ባለው ሕክምና ከ4,678 ሰዎች 243ቱ፣ 5.2 በመቶ ማለት ነው፣ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ወይም እነዚህን የመሰለ ነገር ገጠማቸው። በተለመደው ሕክምና ከ4,683ቱ 319፣ 6.8 በመቶ። ልዩነቱ 1.6 ነው። ካልኩሌተር አውጥታችሁ 100ን ለ1.6 አካፍሉ። 62 አካባቢ ይመጣል፤ ጥናቱ በራሱ ስሌት 61 ይላል። ስለዚህ 61 ሰው ሦስት ዓመት ከሩብ ገደማ አጥብቀን ብናክም አንዱ ከዚህ አደጋ ይተርፋል። 25 እና 61 ከአንድ ጥናት የወጡ ናቸው፣ ግን ታካሚው ፊት ስትቀመጥ የሚሰጡህ ስሜት ለየቅል ነው።

ቀጥሎ ጉዳቱን የያዘውን ሠንጠረዥ፦ ራስን መሳት፣ የኩላሊት ጉዳት፣ የሶዲየም መዛባት በጠበቀው ቡድን በዝቷል። ቀጥሎ ግፊቱ እንዴት እንደተለካ። ታካሚው አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ፣ በአውቶማቲክ መሣሪያ፣ ደጋግሞ። የእናንተ ክሊኒክ እንዴት ነው የሚለካው? ደረጃ ወጥቶ እያለከለከ የገባ ሰው ክንድ ላይ ወዲያው ጠቅልለን፣ እያወራን አይደል? እንዲህ የተለካ 138 የጥናቱ 138 አይደለም።

እና ዋናው፦ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስፕሪንት ውስጥ አልገባም። ይህን የሚያስተውል ተማሪ ካለ ክላሱ ተሳክቷል እላለሁ።

---

ተማሪ፣ አትላንታ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነኝ። የባልቲሞሩ ወንድማችን የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት፣ ስለ ቁጥር እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። አንድ ጥያቄ አለኝ። ስኳር ያለባቸው ካልተካተቱ፣ ክሊኒኬ ግማሹ ታካሚ ስኳር ያለበት ነው፤ ታዲያ ለነሱ ምን ላይ ነው የምመሠረተው?

---

የባልቲሞሩ

እህቴ፣ አየሽ፣ ይህ ራሱ ፒኮ ነው! ታካሚው ተቀየረ፣ ጥያቄውም አዲስ ሆነ። 2010 ላይ አኮርድ የሚባል ጥናት ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ በዋናው ውጤት ላይ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ብዙ ሰው ለዓመታት በዚያ ላይ ቆመ። 2024 ላይ ደግሞ ቢፕሮድ የሚባል የቻይና ጥናት 12,821 ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ይዞ ጠበቅ ያለው ሕክምና እንደሚጠቅም አሳየ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና ለምን እንደተለያዩ ጻፊ። የሰው ብዛት፣ በአኮርድ ላይ አብሮ የተሞከረው የስኳር ሕክምና፣ የሕዝቡ ዓይነት። "ሪፈረንስ ከአምስት ዓመት አይበልጥ" የሚለው ሕግም እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ የድሮውን ሳታይ አዲሱ ለምን እንዳስፈለገ አይገባሽም።

---

ሳይክ ኤንፒ፣ ሚኒሶታ

አስተማሪዋ "ጥያቄው ከሥራ ቦታ ይምጣ" ያለችው በጣም ልቤን ነካው፤ ለኛ ሰው ትርጉሙ ብዙ ነውና። ፕሪሴፕት የማደርጋት፣ ማለትም ክሊኒክ ውስጥ እየተከታተልኩ የማለማምዳት ተማሪ ነበረች። አንድ ኢትዮጵያዊ ታካሚ፣ ሌሎቹ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች አልሠሩለትም፣ ክሎዛፒን ታሰበ። ኒውትሮፊሉ (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል) 1,300 ወጣ። ለመጀመር 1,500 ያስፈልጋል ተብሎ ነገሩ ሊዘጋ ነው። ተማሪዋ "ይህ 1,500 ከነማን ደም ተለክቶ የመጣ ነው?" አለችኝ።

ፈለገች። በብዙ አፍሪካውያንና መካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች፣ ዳፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር በተያያዘ፣ ኒውትሮፊል ያለ ምንም በሽታ ዝቅ ይላል። ኢንፌክሽን አያበዛም። እስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ተጠንቷል። የክሎዛፒን መግለጫ ወረቀት ራሱ ከ2015 ወዲህ ለእነዚህ ሰዎች የተለየ መነሻ አለው፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተለክቶ 1,000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመር ይቻላል። ወረቀቱ ሁሌም እጃችን ላይ ነበር። የጠፋው ጠያቂ ነው። ታካሚው መድኃኒቱን ጀመረ።

እባካችሁ ሐበሻ ተማሪዎች፣ "ኖርማል" የሚል ቁጥር ስታዩ ከማን እንደተወሰደ ጠይቁ።

---

ዳላስ

በዚሁ ላይ ልጨምር። ኮዴይን፣ የሕመም ማስታገሻውና የሳል መድኃኒቱ። ሰውነታችን ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይርበት ኤንዛይም አለ። 1996 ላይ የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የኤንዛይሙ ጂን ተደራርቦ እንዳላቸው አገኘ። እነዚህ ሰዎች ኮዴይኑን በጣም ቶሎ ሞርፊን ያደርጉታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 2017 ላይ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል። የሳል ሽሮፕ ስታዙ አስቡት።

---

ላይብረሪ ወዳጅ፣ ሲያትል

ሁላችሁም ስለ ማንበብ አወራችሁ፣ ስለ መፈለግ ግን ማንም አላነሳም። ተማሪዎች አሁን ቻትጂፒቲ ላይ ነው የሚፈልጉት። ሪፈረንሱ ያምራል፣ ጆርናሉ እውነተኛ ነው፣ የጸሐፊዎቹ ስም እውነተኛ ነው፣ ጽሑፉ ግን በምድር ላይ የለም። የኔ ሕግ አጭር ናት። ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች ማውጫ) ላይ የጽሑፉን መለያ ቁጥር አስገባ፤ ካልወጣ የለም። አሳይመንት ላይ ደግሞ የፍለጋውን ታሪክ ስክሪንሾት እጠይቃለሁ፤ ምን ቃል ጻፍክ፣ ስንት ወጣ፣ እንዴት አጠበብከው፣ ምን ጣልክ። የመጨረሻውን ወረቀት ኮምፒውተር ሊጽፈው ይችላል፣ ይህን መንገድ ግን ራስህ ካልሄድክበት ስታስረዳ ይታወቃል።

እና የዩኒቨርሲቲያችሁን የጤና ላይብረሪያን ተጠቀሙ። ክፍያችሁ ውስጥ አለ። ቀጠሮ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት በዙም ከተቀመጣችሁ ሲናል የሚባለው የነርሲንግ ጽሑፎች ማውጫና ፐብሜድ ላይ ብቻችሁን ቀኑን ሙሉ የምትደክሙበት ይቃለላል። የርቀት ተማሪ ላይብረሪያን እንዳለው እንኳ አያውቅም፣ ሕንፃውን አይቶት አያውቅማ።

---

ተማሪ፣ ሂዩስተን

እኔ ደግሞ የተቸገርኩት ሌላ ቦታ ነው። ተምሬው ክሊኒክ ስሄድ ፕሪሴፕተሬ (ክሊኒክ ውስጥ የሚያለማምደኝ ሐኪም) ሌላ ነገር ያደርጋል። ጥሩ ሰው ነው፣ ልምድ አለው፣ ግን 68 ዓመት ለሆናቸው፣ ልባቸው ምንም ላልሆነ ሰው "ለጥንቃቄ" አስፒሪን ጀመረላቸው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል ግብረ ኃይል 2022 ላይ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በዚህ ምክንያት አዲስ አትጀምሩ ማለቱን ያነበብኩት በዚያው ሳምንት ነው። ምንም አላልኩም። ሲያሳድጉን ታላቅ ሲናገር መልስ አይሰጥም ተብለን ነው። በዚያ ላይ ፕሪሴፕተር ማግኘት በራሱ ስንት ልመና ነው፣ የሚጠበቀው የክሊኒክ ሰዓት አሁን ቢያንስ 750 ነው፣ ሰውየው ቢቀየመኝ የት እሄዳለሁ?

---

አስተማሪዋ ከሜሪላንድ

የኔ ወንድም፣ ይህን ስላነሳህ አመሰግናለሁ። የርቀት ትምህርት ትልቁ ክፍተት እዚህ ነው። አስተማሪው አንድ ስቴት፣ ፕሪሴፕተሩ ሌላ ስቴት፣ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም፣ ተማሪው መሐል ይቀራል።

አክብሮትህን አትተው። ጥያቄ አድርገህ አቅርበው፦ "ዶክተር፣ ለኮርሴ ስለ አስፒሪን አንድ ነገር እያነበብኩ ነው፣ እርስዎ ለእኚህ ሰው እንዴት መዘኑት ቢሉኝ ደስ ይለኛል።" ታካሚው በሌሉበት፣ ሥራ ሲረግብ። እኔ ተማሪዎቼን ይህችን ንግግር በዙም አለማምዳቸዋለሁ፤ አንዱ ፕሪሴፕተር ይሆናል፣ አንዱ ተማሪ። መጀመሪያ ይሳቃሉ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ሁሉም ቁም ነገር ይይዛል። ለፕሪሴፕተሮቹም በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ኢሜይል እጽፋለሁ፣ "ተማሪው ከአንድ ታካሚዎ የተነሳ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፣ መልሱን ያመጣልዎታል" እላለሁ። አብዛኞቹ ይወዱታል፤ እነሱም ለማንበብ ጊዜ የላቸውም።

ደግሞ አትርሱ፣ ኢቢፒ ጥናት ብቻ አይደለም። የሐኪሙ ልምድም፣ የታካሚው ፍላጎትም ይገባሉ። ምናልባት ሰውየው አንተ የማታውቀው ምክንያት ይኖረው ይሆናል።

---

ስኳር ክሊኒክ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የታካሚው ፍላጎት የተባለው ሲነሳ እኔን ጾም ነው የሚያሳስበኝ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ ስንት እናቶች አሉኝ። ጠዋት ሰልፎኒልዩሪያ (ስኳር የሚያወርድ ክኒን) ወስደው ቅዳሴ ይቆማሉ፣ ስኳራቸው ይወርዳል። ተማሪዬ ጥናት ስትፈልግ ያገኘችው አብዛኛው ስለ ረመዳን ነው፣ ስለ ኦርቶዶክስ ጾም በጣም ጥቂት። ታዲያ ከረመዳኑ የትኛው ለኛ ይሠራል፣ የትኛው አይሠራም? እነሱ ውኃም አይጠጡም፣ የኛ ጾም ደግሞ ከሥጋና ከወተት የራቀ ነው፣ ሽሮውና እንጀራው ይበዛል። ተማሪዋ ይህን በሁለት ገጽ ጻፈችው፣ ከዚያ ታካሚዋን "እማማ፣ መጾም አይቁም፣ መድኃኒቱን ግን እንዲህ እናዘዋውረው" አለቻቸው። መጀመሪያ ስትነግራቸው "አትጹሚ አትበሉኝ" ያሉት ሴትዮ እሺ አሉ።

---

ጎንደር

ከዚህ ከአገር ቤት ሆኜ ነው የማነበው፣ ነርሲንግ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የናንተን ስሰማ ችግሩ አንድ መሆኑ ገረመኝ። ጽሑፉን እኛም እናገኛለን፤ በሂናሪ በኩል ተቋማችን ብዙ ጆርናል በነፃ ይከፍታል። ኔትወርኩ ነው ችግሩ። ሌሊት ግቢ ዋይፋይ ላይ አውርደን ቴሌግራም ላይ እንለዋወጣለን። ቀጥታ ዙም ቢቋረጥም የድምፅ መልእክት ግን ይደርሳል፣ ስለዚህ አስተማሪዋ ያለችው በድምፅ ማስረዳት ለኛም ይሆናል።

የኛ ከባዱ ጥያቄ "መመሪያው የሚለው ምርመራ እዚህ ከሌለስ?" የሚለው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያለው የማስረጃ ማዕከል ሥልጠና ይሰጣል፣ እዚያ የወሰዱ መምህራን አሉን፣ ጥናት ለአገራችን ሁኔታ ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅን ያስተምሩናል። ግን በክላስ ውስጥ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው።

---

ናይት ሺፍት፣ ቨርጂኒያ

እሺ፣ የጠዋቱ ቡድን ያልሽው ካለ እኔም እገባለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ስንመረቅ የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ የኦንላይን መግቢያችን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ምን ልናነብ ነው?

---

ላይብረሪ ወዳጅ፣ ሲያትል

ፐብሜድ ሴንትራል ሙሉ ጽሑፍ በነፃ አለው። ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ማጠቃለያዎች፣ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ የተጻፉትም ጭምር፣ ለሁሉም ክፍት ናቸው። የመከላከል ግብረ ኃይሉ ምክሮች ነፃ ናቸው፣ የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል) የአባላዘር በሽታ ሕክምና መመሪያም እንዲሁ። መሥሪያ ቤትሽ አፕቱዴት የሚባለው በክፍያ የሚገኝ የሕክምና ማጣቀሻ ካለው ከሥራ ኮምፒውተር ክፈቺ። ተማሪዎችን በነዚህ ማለማመድ ያለብን ገና ተማሪ እያሉ ነው፤ በሚዘጋባቸው ዳታቤዝ ብቻ አስለምደን መልቀቅ ተገቢ አይደለም።

---

አስተማሪዋ ከሜሪላንድ

እንግዲህ ፍላጎት ካለ ከኮርስ ውጭ እንጀምረው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት በኛ፣ ጎንደር ከሰዓት በኋላ ይሆናል። መጀመሪያ ቢፕሮድን እናነባለን፣ የባልቲሞሩ ወንድማችን ሠንጠረዡን ቢመራልን። አብስትራክቱን ሳይሆን ዘዴው የተጻፈበትን ክፍል አንብባችሁ ኑ፤ ግፊቱ እንዴት እንደተለካ አንድ ሰው ያስረዳል። መግባት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ናይት ሺፍት፣ አንቺ ከሥራ ስትወጪ መኪና ውስጥ ሆነሽ እያሽከረከርሽ አትግቢ፣ ቤት ደርሰሽ ግቢ፤ አሥር ደቂቃ እንጠብቅሻለን።

---

ተማሪ፣ አትላንታ

ዘዴውን እኔ አስረዳለሁ። እስከዚያ አኮርድንም አነባለሁ።